አምስት ጁምዓ በዴም

ማክሰኞ፣ ጎንደር

የመተማው አውቶቡስ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ይነሳል ስለተባልኩ በአስር ተኩል መናኸሪያው በር ላይ ተገትሬያለሁ። የተነሳው ግን ጎህ ከቀደደ በኋላ ነው። ጡረታ የወጣን ሰው የሚቀድመው የለም፤ ሥራ ስለሌለው ሁሉ ቦታ ቀድሞ ይደርሳል። የያዝኩት አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ እና በነጠላ የተጠቀለለች ትልቅ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው። አሻንጉሊቷን ደሴ ሃያ ስድስት ዓመት ካስተማርኩበት የነርሶች ትምህርት ቤት ተውሼ ነው ያመጣኋት። ስንቱ ተማሪ መርፌና ፋሻ ሲለማመድባት ኖሮ ግራ እጇ ወልቆ ቀርቷል።

«እቺን ጣሪያ ላይ እናውጣት» አለ ረዳቱ።

«የኔ ወንድም፣ በሽተኛ ጣሪያ ላይ አይጫንም» አልኩት።

ሳቀና ከሞተሩ አጠገብ ቦታ ሰጣት። እኔ ከኋላ ወንበር ደረሰኝ።

የምሄደው ካርቱም ነው። አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ደብዳቤ ልኮልኝ ነበር። እዚያ በሰው ቤት የሚሠሩ የአገራችን ሴቶች ድሮ የሚቀጠሩት ልብስ ለማጠብ፣ ለማብሰልና ለማጽዳት ነበር ይላል ደብዳቤው። አሁን የየቤቱ ልጆች ለሥራ ወደ ዓረብ አገር እየሄዱ፣ አልጋ ላይ የዋሉ እናት አባቶች ለሠራተኛዋ እየተተዉላት ነው። ማስታመም ያስተማራት ግን የለም። ሴቶቹ የሚያርፉት ዓርብ ብቻ ስለሆነ ሥልጠናው አምስት ዓርብ ይሆናል። ይህን ሳነብ ልቤ ዘለለ። እውነቱን ልናገር፣ የዘለለው ለሴቶቹ ብሎ አይደለም። ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ ቤቴ ዝም ብሎብኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ከገላባት እስከ ካርቱም

ድንበሩን የሚለየውን ድልድይ በእግሬ ተሻገርኩ። ከወዲያ ማዶ የጉምሩኩ ሰው ነጠላውን ገለጥ አድርጎ አሻንጉሊቷን ሲያይ ክው አለ። «ዲ ሚኑ?» አለኝ፤ ማን ናት ማለቱ ነው። ከተሳፋሪ የለቀምኳትን አንዲት ዓረብኛ አወጣሁ። «መሪዳ» አልኩት፤ ታማሚ ናት። ፊቱን ሳያፈታ «አላህ ይሽፊሃ»፣ አላህ ይማራት፣ ብሎ መረቀልኝና ፓስፖርቴ ላይ ማኅተሙን መታ።

ከገላባት ገዳሪፍ ድረስ ያለው መንገድ አቧራ ብቻ ነው። ማሽላው ታጭዷል፤ እስከ ዓይን ዳርቻ የሚታየው ገለባ ነው። ገዳሪፍ ላይ ትልቁን አውቶቡስ ያዝኩ፣ አስፋልትም ተጀመረ። ወድ መደኒ ስንደርስ ወርደን ፉል በሰሊጥ ዘይት በላን። አጠገቤ የተቀመጠች ቶብ የለበሰች ወፍራም ሴትዮ ተምር ሰጠችኝ፤ እኔም ዳቦ ቆሎ ዘገንኩላት። ከዚያ በላይ የምንነጋገርበት ቋንቋ ስላልነበረን ተሳሳቅንና ተውነው። ትንሽ ቆይታ እንቅልፍ ወሰዳትና ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ትከሻዬ ደነዘዘ፤ ቢሆንም ካርቱም እስክንገባ አልተንቀሳቀስኩም። ሰው ከተደገፈኝ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ዴም

የተቀበለችኝ አሚራ ናት፤ ማኅበሩ አስተርጓሚ ትሁንሽ ብሎ የሰጠኝ ልጅ። እናቷ የኮምቦልቻ ሴት፣ አባቷ ሱዳናዊ፤ እዚሁ ዴም በሚባለው የካርቱም ሰፈር መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። አማርኛን ከእናቷ ጓዳ ነው የለቀመችው፤ አንቱታ የሚባል ነገር አልደረሳትም።

«አንቺ ሲስተር ነሽ? ያላ፣ ነይ፣ ሪክሻ አለ» አለችኝ ባጃጁን እያሳየችኝ።

በኋላ ሴቶቹ ሲሰሙ አፍረው ሊሞቱ ነበር። እኔ ግን ወደድኩት። አንቺ የሚለኝ ሰው ካለቀ ቆይቷል።

የማድርበት ቤት ከአማርኛ ጽሑፍ ከለጠፈ ሱቅ ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነው። ሴቶቹ የጁምዓ ቤት ይሉታል። ዘጠኝ ሆነው ተከራይተውታል፤ ግን ማንም አይኖርበትም። ሁሉም የሚያድሩት አሠሪያቸው ቤት ነው። ሐሙስ ማታ ወይ ዓርብ ጠዋት ይመጣሉ፣ ዓርብ ሲመሽ ይመለሳሉ። ውስጡ ሦስት በገመድ የተጠለፉ አልጋዎች፣ በግድግዳው ዙሪያ የተደረደሩ ዘጠኝ የተቆለፉ ሻንጣዎች፣ ዘጠኝ ትራሶችና አንድ የተሰነጠቀ መስታወት አለ።

«ስድስት ቀን ባዶ ነው» አለች አሚራ ቁልፉን ስትሰጠኝ። «ጁምዓ ብቻ ሰው አለ። አንቺ አትፈሪም?»

«ምን እፈራለሁ?»

«ዝም ማለቱን» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

የመጀመሪያው ጁምዓ

ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሴቶቹ ከጀሪፍም ከጀብራም ሰፈር ይግተለተሉ ጀመር። እኔ ጠመኔዬን ይዤ ቆሜያለሁ። እነሱ ጫማቸውን ሳያወልቁ ማውራት ጀመሩ፤ ዘጠኙም ባንድ ላይ። የሚያዳምጥ የለም፣ ሁሉም ይናገራል። ሰዓቴን ሳይ አንዲት ቀጠን ያለች፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ቀረብ አለችኝ። ሉባባ ትባላለች፣ የወረባቦ ልጅ ናት።

«ሲስተር፣ ትንሽ ይታገሱን» አለችኝ። «ሳምንቱን ሙሉ አማርኛችን አፋችን ውስጥ ሲደርቅ ነው የሚከርመው። ይቺን አንድ ቀን ባናገኝ አብደን ነበር፣ ወላሂ።»

ጠመኔዬን አስቀመጥኩና ተቀመጥኩ።

ትምህርቱ በሽተኛን ማገላበጥ ነበር። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ጀርባው ይቆስላል። አሻንጉሊቷን አስተኝቼ በአንሶላ እንዴት ለሁለት እንደሚገላብጧት ከአሚራ ጋር ሆነን አሳየሁ።

«ሁለተኛዋ ማን ናት?» አለች ሉባባ።

«የቷ?»

«ከወዲያ ማዶ ይዛ የምትስበዋ። እኔ ያለሁበት ቤት አሠሪዬ ኡስታዛ ሥራ ከሄደች እኔና አሮጊት እናቷ ሐጃ ብቻ ነን የምንቀረው። ደግሞ ይቺ አሻንጉሊት አታቃስትም፣ አትከብድም።»

ሃያ ስድስት ዓመት «ሁለት ነርስ ሆናችሁ» እያልኩ አስተምሬያለሁ። ሁለተኛዋ ከየት ትመጣለች ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም። «አንቺ እንዴት ነው የምታደርጊው?» አልኳት። እሷም ይሉኝታ ያዛትና አቀረቀረች፤ ጓደኞቿ ግን «አሳዪያቸው እንጂ!» ብለው ገፋፏት። ከሁሉም ወፍራሟን አልጋ ላይ አስተኛች። ሱዳኖች የሚለብሱትን ያን ረጅም ቶብ በቁመቱ አጠፈችና ከሴትዮዋ ዳሌ ሥር አሳለፈችው። አንዱን ጫፍ በወዲህ በኩል ካለው የአልጋው ቋሚ ጋር አሰረች። እዚያው ቆማ እግሯን ከአልጋው እግር አስደገፈችና ሌላውን ጫፍ ከወዲያ ማዶ በሴትዮዋ ላይ አሻግራ ቀስ እያለች ሳበችው። ወፍራሟ ሴት ሳታውቀው በጎኗ ተኛች።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«ማን ያስተምረኛል? ወገቤ ነዋ!»

ያን ዕለት የተማርኩት እኔ ነኝ፤ ማስታወሻዬ ላይ ሥዕሉን ስዬ በሥሩ ስሟን ጻፍኩ።

ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ

ስድስት ቀን ረጅም ነው። ጠዋት ክፍሉን እጠርጋለሁ፤ እኩለ ቀን ላይ አቧራው ተመልሶ ይገባል። ሙቀቱ ግድግዳውን ያግለዋል። ከዘጠኙ ትራስ የትኛው የማን እንደሆነ በጸጉር ቅባቱ ሽታ መለየት ጀመርኩ። ሱቅ ሄጄ በዲናር ሻይ ቅጠል ስገዛ ባለሱቁ ዋጋውን በጥንቱ ገንዘብ፣ በፓውንድ፣ ይነግረኛል፤ ስንደነቋቆር አሥር ደቂቃ ይሄዳል፣ እኔም በዚያ ደስ ይለኛል። አንድ ቀን አሻንጉሊቷን «እንደምን አደርሽ» ስላት ራሴን ሰማሁት። እነዚህ ሴቶች በየቤቱ ስድስት ቀን እንዲህ ነው የሚከርሙት ብዬ አሰብኩ፤ ለኔ አምስት ሳምንት ነው፣ ለነሱ ዓመታት ነው።

ሁለተኛው ጁምዓ

ቁስል ከመውጣቱ በፊት እንዴት እንደሚታወቅ አስተማርኩ። መጽሐፉ ቆዳው ሲቀላ ይላል። የኛም የሱዳኖችም ቆዳ መቼ ይቀላል? ስለዚህ በእጃችሁ ጀርባ ዳብሱት አልኳቸው። የሞቀና የጠጠረ ቦታ ካለ ቁስሉ እየመጣ ነው፤ ውላችሁ ሳታድሩ ለቤቱ ሰው ንገሩ።

ሌሎቹ ሊበሉ ሲወጡ ሉባባ ቀረች።

«ከመሞቅ ካለፈስ?» አለች።

የሐጃ ወገብ ሥር፣ ጭራ አጥንቷ ላይ፣ ቆዳው ተከፍቷል። ካየችው አምስት ቀኗ ነው። በሞቀ ውኃና በጨው እያጠበች በንጹሕ ጨርቅ ትሸፍነዋለች። ለሐጃ ልጅ፣ ኡስታዛ ናሂድ ለሚሏት የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፣ ግን ትንፍሽ አላለችም።

«ለምን?»

«እናትሽ እየበሰበሰች ነው ይባላል፣ ሲስተር? በምን አፌ? ደግሞስ፣ አንቺ ምን ስትሠሪ ነበር ብትለኝ? የመኖሪያ ወረቀቴ፣ ኢቃማዬ፣ በነሱ ስም ነው። ከቤት ካስወጣችኝ ያው ወደ አገሬ ነኝ።»

ቆጣ አልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አልኳት። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል አልኳት። ነርስ ማለት እጅ ብቻ ሳይሆን አፍም ነው አልኳት። ተረት ለሌላ ሰው ሲሆን እንዴት ይቀላል! ከዚያ ልምምድ ጀመርን፤ እኔ ናሂድ ሆንኩ፣ አልጋ ላይ ተቀምጬ እግሬን አጣጠፍኩ።

«ሉባባ፣ ምነው ከፋሽ?»

«ምንም የለም፣ ኡስታዛ።»

ሦስት ጊዜ ሞከርን፣ ሦስቴም «ምንም የለም» አለች። በአራተኛው ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ሦስተኛው ጁምዓ

ሉባባ እስከ እኩለ ቀን አልመጣችም። ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። ስትገባ ነጠላዋን አውልቃ መሐል ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ዛሬ ጠዋት ነገርኳት።»

ናሂድ እናቷ ክፍል ሮጣ ገባች። ከዚያ ቁስሉን አየች፣ አለቀሰች፣ የሰፈሩን ሐኪም ጠራች። ሐኪሙ ትንሽ ቢቆይ አጥንት ይደርስ ነበር አለ፤ ጨርቁን አይቶም ማን እንዲህ በንጽሕና ያዘው ብሎ ጠየቀ። ናሂድ የሉባባን ራስ ሳመች፤ ደሞዝም እጨምርልሻለሁ አለቻት። ሴቶቹ እልል አሉ፤ የጎረቤት ሴት ሰርግ ነው ወይ ብላ በበሩ ብቅ አለች።

እኔም የልቤን ተናገርኩ። እኔ ሄጃለሁ፤ አዲስ የሚመጡትን በየጁምዓው የምታስተምረው ሉባባ ትሁን አልኩ። ማገላበጡን ከኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ መናገሩንም ችላዋለች። ሉባባ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «እኔ? ፊደል እንኳን በቅጡ ያልቆጠርኩት?» አለች፤ በጣቶቿ መሐል ግን ጥርሷ ይታይ ነበር።

አራተኛውና አምስተኛው ጁምዓ

የሉባባ ቦታ ባዶ ነበር። አሚራ ከመድኃኒት ቤቱ ስልክ ደውላ አገኘቻትና መልእክቱን አመጣችልኝ።

«ኡስታዛዋ እንዲህ አለች፦ እናቴን ላንቺ ብቻ ነው የማምነው፣ አንድ ቀንም ለሌላ ሰው አልተውም። ኸላስ፣ አበቃ፣ ጁምዓ የለም። ሉባባ አሁን ጁምዓም ትሠራለች።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? ሐዲር አለች፣ እሺ። ስልኩ ላይ አለቀሰች።»

በአምስተኛውም አልመጣችም። ስምንቱ ተሰበሰቡ፣ አወሩ፣ ተማሩ፤ እኔ ግን የማስተምረውን አላውቀውም ነበር። ተናገሪ ያልኳት እኔ ነኝ። ተናገረች፣ የበሽተኛዋ ጀርባ ዳነ፣ እሷ ግን አማርኛዋን የምታረጥብባትን አንዲት ቀን አጣች። ስንብቱ ላይ «ነገ ጀብራ እነ ናሂድ ቤት እሄዳለሁ። ናሂድን ራሴ እጠይቃታለሁ» ብዬ ፎከርኩ። ስምንቱም መረቁኝ።

ቅዳሜ፣ ጀብራ

በሐፍላ፣ በዚያ በታጨቀ ሚኒባስ፣ ሄድኩ። ናሂድ ራሷ በሩን ከፈተችልኝ። ክፉ ሴት ብትሆን ምን ነበረበት! ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ፣ ድካሟ ከፊቷ የሚነበብ ሰው ናት። ወንድሞቿ ሁሉ ባሕር ማዶ ናቸው፤ ገንዘብ ይልካሉ እንጂ አይመጡም። በሁለት እጇ ቀዝቃዛ ከርከዴ፣ ያን ቀይ መጠጣቸውን፣ ሰጠችኝ። ሐጃ ክፍል ወስዳ ቁስሉን አሳየችኝ፤ ዳር ዳሩ አዲስ ሥጋ ይዟል። ሐጃ እጄን ያዘችና ረጅም ምርቃት መረቀችኝ።

የሚያስተረጉም ሰው ያስፈልገን ነበር፤ አሚራ ሥራ ላይ ናት። ስለዚህ ሉባባ በመሐላችን ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ይህን ቀድሜ አላሰብኩትም። ሉባባን ዓርብ ልቀቂያት የሚለውን ቃል ናሂድ ጆሮ የሚያደርሰው የራሷ የሉባባ አፍ ነው።

«እናቴን ነው የመለሳችሁልኝ ትላለች» አለች ሉባባ፣ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ።

«አመሰግናለሁ በያት።»

«ሌላ የሚፈልጉት ነገር አለ ወይ ትላለች።»

ሉባባ ቀና አለች። አየችኝ። ናሂድም አየችኝ። ብርጭቆው በእጄ ነው፣ ከርከዴዋን ጠጥቻለሁ፣ ቤቷ ገብቼ ደግነቷን ቀምሻለሁ። እንግዳ ሆኜ ሠራተኛሽን አታሠሪያት ልበል? ከተናገርኩስ በኋላ ጣጣው በማን ላይ ይወርዳል?

«ከርከዴው ይጣፍጣል በያት» አልኩ።

ሉባባ አስተረጎመች። ናሂድ ደስ ብሏት ደገመችልኝ።

ሉባባ እስከ ውጭው በር ሸኘችኝ። «አፌ ላይ መጥቶ ነበር» አልኳት።

«አይዞዎት፣ ሲስተር» አለችኝ ነጠላዬን እያስተካከለችልኝ። «እኔም ያንን ቁስል ለመናገር አስራ ሁለት ቀን ነው የፈጀብኝ።»

የኔ አውቶቡስ ግን ነገ ንጋት ላይ ይነሳል።

እሑድ፣ ከካርቱም ወደ ገዳሪፍ

አሚራ በንጋቱ መጥታ ሻንጣዬን ተሸከመችልኝ። ስምንቱ ሴቶች ያጠራቀሙትን ሽቶና ሳሙና በፌስታል ይዛልኝ መጥታለች። መናኸሪያው ላይ የጀብራውን ነገርኳት። አልሳቀችብኝም፣ አላዘነችልኝምም፤ አልገባትም።

«ለምን አላልሽም? ሦስት ቃል ነው» አለች።

«የትኞቹ?»

«ሉባባ ዳይራ ጁምዓታ። ሉባባ ጁምዓዋን ትፈልጋለች። ኸላስ፣ ይሄው ነው።»

«አንቺ በይልኝ፣ አሚራ። ዓረብኛው ያንቺ ነው።»

«እኔ? እኔ መድኃኒት የምሸጥ ልጅ ነኝ። አንቺ ሲስተር ነሽ፣ ሐጃን አድነሻል። የሚሰሙት አንቺን ነው።» የናሂድን ቤት ስልክ ቁጥር ቲኬቴ ጀርባ ላይ ጻፈችና ጉንጬን አራት ጊዜ ሳመችኝ።

አውቶቡሱ ወጣ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ አሻንጉሊቷን አስቀመጥኩበት። ጥቁር ግራጫው ሜዳ፣ የጥጥ ማሳው፣ ቦዩ፣ የአህያ ጋሪው ያልፋል። ወድ መደኒ ላይ ሰው ሁሉ ለፉል ሲወርድ እኔ አልወረድኩም። ሦስቱን ቃላት ወረቀት ላይ በግዕዝ ፊደል ጽፌ እንደ ዳዊት ደጋሚ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። ረዳቱ የምጸልይ መስሎት ድምፁን ቀነስ አድርጎ ቲኬቴን ጠየቀኝ።

ገዳሪፍ የደረስነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የገላባቱ መኪና ጭነት እስኪጭን ግማሽ ሰዓት አለ። ከመናኸሪያው ማዶ አንድ የስልክ ቤት አየሁ፤ ከእንጨት የተሠሩ ሦስት ጠባብ ሳጥኖች አሉት። እግሬ ሁለት ጊዜ ወደ መኪናው ተመለሰ። በሦስተኛው ገባሁና ለባለቤቱ ቁጥሩን ሰጠሁት።

«አሎ?» ሉባባ ናት።

«እኔ ነኝ፣ ሲስተር።»

«ውይ! ደረሱ? በሰላም?»

«ገዳሪፍ ነኝ። ኡስታዛን ጥሪልኝ።»

የክፍሉ ማራገቢያ ሲዞር በስልኩ ይሰማኛል።

«ምን ሊሏት ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«ጥሪልኝ ብዬሻለሁ፣ ሉባባ።»

ስልኩን ስታስቀምጥ ሰማሁ፤ የነጠላ ጫማዋ ኮቴ ራቀ። ከውጭ የገላባቱ መኪና ጡሩምባ ነፋ። ረዳቱ ስማችንን እየጠራ ነው። ሌላ ኮቴ ቀረበ፤ ከኋላው የነጠላ ጫማው ኮቴም ተመለሰ።

«አይወ?» አለች ናሂድ።

ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠጋሁና ሦስቱን ቃላት አልኳቸው። የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ራቅ ብሎ ደግሞ ትንፋሿን ውጣ የቆመች ሴት።

ደግሜ አልኳቸው።